ከመብላት በፊት መሰለፍ፤ ስለ ሰንጠረዥ ጨዋታ አጀማመር

ጨዋታ ሁሉ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ጨዋታ የሰውን ችኰላና ትዕግሥት፣ ትዕቢትና ጥንቃቄ ገልጦ ያሳያል። ከእነዚህም አንዱ ሰንጠረዥ፣ በዛሬው አጠራር ቼዝ የሚባለው ነው። በዚህ መጽሔት ላይ ስለዚሁ ጨዋታ አጀማመር ጥቂት ለመጻፍ የተነሣሁት በጨዋታው ሊቅ ስለ ሆንሁ አይደለም፤ እንዲያውም በትምህርት ቤታችን የክፍሎች ውድድር ላይ ገና በአሥረኛው እርምጃ ንግሥቴን አስበልቼ ክፍሌን ያሳፈርሁ ስለ ሆንሁ ነው። የተሸነፈ ሰው የተሸነፈበትን ምክንያት በሚገባ የመረመረ እንደ ሆነ ለሌላው የሚነግረው ነገር አያጣም ብዬ አምናለሁ።

ስለ ገበታው

ገበታው በቁመትም በአግድምም ስምንት ስምንት ቤት ስላለው በጠቅላላው 64 ቤት አለው። እርምጃዎቹን ለማሳየት እንዲመች ነጩን የያዘው ተጫዋች ከሚቀመጥበት በኩል ከግራ ወደ ቀኝ ስምንቱን ዓምዶች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ ብዬ ሰይሜአቸዋለሁ። ረድፎቹ ደግሞ ከነጩ ወገን ጀምሮ ከ1 እስከ 8 ይቈጠራሉ። ስለዚህ «ሠ4» ሲባል በሠ ዓምድ አራተኛው ቤት ማለት ነው። የነጩ ንጉሥ ሠ1 ላይ፣ ንግሥቱም መ1 ላይ ይቆማሉ፤ የጥቁሩ ንጉሥ ሠ8 ላይ፣ ንግሥቱም መ8 ላይ ይቆማሉ። በግራና በቀኛቸው ጳጳሳት፣ ፈረሶችና ግንቦች፣ በፊታቸውም ስምንት ስምንት ወታደሮች ይሰለፋሉ። አንባቢ ገበታውን ከጎኑ አድርጎ ቢከተለኝ የበለጠ ይረዳዋል። ገበታ የሌለው ሰው በደብተሩ ወይም በመሬት ላይ 64 ቤት ሥሎ ባቄላና በቆሎ ቢያሰልፍ ይበቃዋል።

የተሸነፍሁበት ጨዋታ

በውድድሩ ከየክፍሉ ሦስት ሦስት ተጫዋቾች ይቀርቡ ነበር። በመጨረሻው ቀን ከክፍላችን አንዱ ጓደኛዬ አሸንፎ፣ ሌላው ተሸንፎ ስለ ነበር ውጤቱ በእኔ ጨዋታ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የደረሰችኝ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። እኔ ነጩን፣ እርሷ ጥቁሩን ያዝን።

ከዚያ በፊት ብዙ ጓደኞቼን በአራት እርምጃ ስላሸነፍሁ ዘዴዬ ለሁሉ የሚሠራ መስሎኝ ነበር። ዘዴውም ንግሥቲቱንና ጳጳሱን ፈጥኖ አውጥቶ ረ7 ላይ ያለውን ወታደር መምታት ነው። ያ ወታደር በመጀመሪያው አሰላለፍ ከንጉሡ በቀር ሌላ ጠባቂ የለውምና። ጨዋታው እንደሚከተለው ሄደ።

1. እኔ ወታደሬን ወደ ሠ4፤ እርሷ ወታደሯን ወደ ሠ5።
2. እኔ ንግሥቴን ወደ ሸ5፤ እርሷ ፈረሷን ወደ ሐ6። ንግሥቴ የሠ5ን ወታደር ስለምታስፈራራ በፈረሷ ጠበቀችው።
3. እኔ ጳጳሴን ወደ ሐ4፤ እርሷ ወታደሯን ወደ ሰ6። አሁን ረ7 ላይ ልመታ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እርሷ ግን በአንድ ወታደር መንገዱን ዘግታ ንግሥቴንም አባረረች።
4. እኔ ንግሥቴን ወደ ረ3፤ እርሷ ሁለተኛውን ፈረሷን ወደ ረ6።
5. እኔ ንግሥቴን ወደ ለ3፤ እርሷ የመጀመሪያውን ፈረሷን ከሐ6 ወደ መ4። ንግሥቴን ከጳጳሴ ኋላ አቁሜ አሁንም ወደዚያው ወደ ረ7 አነጣጠርሁ። ፈረሷ መጥቶ ንግሥቴን አስነሣት።
6. እኔ ንግሥቴን ወደ ሐ3፤ እርሷ ወታደሯን ወደ መ5።
7. ጳጳሴ መ5 ላይ ያለውን ወታደር በላ፤ በረ6 የነበረው ፈረሷ ጳጳሴን በላ።
8. የሠ4 ወታደሬ ፈረሷን በላ፤ እርሷ ጳጳሷን ወደ ረ5 አወጣች።

እዚህ ላይ የተበላውን ስቈጥር በአንድ ወታደር እበልጣት ስለ ነበር በልቤ ደስ አለኝ። ይሁን እንጂ በመ4 የቆመው ፈረሷና በረ5 የቆመው ጳጳሷ ሁለቱም ወደ ሐ2 ይመለከቱ ነበር። ይህን አይቼ የጳጳሱን መንገድ ለመዝጋት፦

9. እኔ ወታደሬን ከመ2 ወደ መ3፤ እርሷ ሌላውን ጳጳሷን ከረ8 ወደ ለ4።

ይህች እርምጃ ጨዋታውን ጨረሰችው። ወታደሬ ወደ መ3 ሲወጣ ለአንደኛው ጳጳስ መንገድ ዘጋ፤ ነገር ግን የለቀቀው ቤት መ2 ባዶ ስለ ሆነ ለሁለተኛው ጳጳስ መንገድ ከፈተ። ጳጳሱ ከለ4 ንግሥቴን፣ ከንግሥቴም ኋላ ንጉሤን በአንድ መሥመር ያዛቸው። ንግሥቲቱ ከዚያ መሥመር ብትወጣ ንጉሡ ስለሚጋለጥ መውጣት አትችልም። ስለዚህ፦

10. ንግሥቴ ጳጳሷን ለ4 ላይ በላች፤ ፈረሷ ሐ2 ላይ ወታደሬን በልቶ «ቼክ» አለ።

ፈረሱ ከሐ2 ንጉሤንም ንግሥቴንም ባንድ ጊዜ መታ። በ11ኛው ንጉሤን ወደ መ1 አሸሸሁ፤ እርሷም ንግሥቴን በላች። ወዲያው እጄን ሰጠሁ። የክፍሌ ልጆች አልሰደቡኝም፤ ዝም ማለታቸው ግን ከስድብ የከፋ ነበር።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ ተማሪዋ ቁራጮቹን መልሳ እየሰበሰበች፦ «አንተ ንግሥትህን ብቻ ታጫውት ነበር፤ እኔ ያሉኝን ሁሉ አጫወትሁ» አለችኝ። ማታ በደብተሬ ላይ ስቈጥረው እውነቷን ነበር። ከአሥሩ እርምጃዬ አምስቱን የወሰደችው ንግሥቲቱ ናት። ሁለቱን ጳጳሱ፣ ሦስቱን ወታደሮቼ ወሰዱ። ሁለቱ ፈረሶቼ፣ ሁለቱ ግንቦቼና ሌላው ጳጳሴ ግን ከተቀመጡበት አልተነሡም። የእርሷ ሁለት ፈረሶችና ሁለት ጳጳሳት ሁሉም ወጥተው ሠርተዋል። ከዚህም በላይ ደጋግማ ንግሥቴን እያስፈራራች በእኔ ጊዜ የራሷን ቁራጮች ወደ ቦታቸው አስገባች። ስሕተቴ የተጀመረው በዘጠነኛው እርምጃ ሳይሆን በሁለተኛው ነው።

በኮልቾ

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ተዘጋና ወደ ተወለድሁበት መንደር ወደ ኮልቾ ሄድሁ። ኮልቾ በደቡብ ኦሞ የካሮ ሕዝብ መንደር ነው። ከኦሞ ወንዝ በስተምሥራቅ፣ ከፍ ባለ አፋፍ ላይ የተቀመጠ ስለ ሆነ ወንዙ ከታች ተጠማዝዞ ሲሄድ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በዚያ የቼዝ ገበታ ስለሌለን ለታናሽ ወንድሜ በጥላ ሥር በመሬት ላይ በእንጨት ጫር ጫር አድርጌ 64 ቤት ሠራሁለት። ለወታደር ጠጠር፣ ለግንብ የተሰበረ እንስራ ገል፣ ለጳጳስ የግራር እሾህ፣ ለፈረስ የዛፍ ፍሬ፣ ለንጉሥና ለንግሥት ረጅምና አጭር ቆረቆንዳ አደረግን። የተሸነፍሁበትንም ጨዋታ ደግሜ ሳሳየው አባቴ መጥተው በትንሿ የእንጨት በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። አባቴ ቼዝ አያውቁም። ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ በበትራቸው ጫፍ ንግሥቴን እያመለከቱ፦

«ይህች ብቻዋን እዚያ ማዶ ምን ትሠራለች?» ብለው ጠየቁኝ።

«ከሁሉ የበረታች ናት፤ ለመምታት ነው የሄደችው» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ከብቱን ውኃ ልናጠጣ ወደ ኦሞ ስናወርድ የበረታውን ኮርማ ለብቻው እንሰድደዋለን? አዞ እንደሆነ ብርቱና ደካማ አይለይም» አሉኝ።

ይህን ብለው ወደ ጉዳያቸው ሄዱ። በእኔ ግን የዚያች ተማሪ ቃልና የአባቴ ቃል አንድ ሆነው ተሰሙኝ።

ወንድሜ የቁራጮቹን አካሄድ ቶሎ ያዘ። አንድ ነገር ግን እምቢ አለኝ። ተራ አይጠብቅም። እኔ አንድ ጠጠር ሳንቀሳቅስ እርሱ ሦስት ያንቀሳቅሳል፤ እኔ ፈረሴን ሳወጣ እርሱ ያወጣውን እሾህ መልሶ ሌላ ቦታ ይተክላል። ብቆጣው፦ «ገና አልተጣላንም እኮ፤ ሁላችንም ቦታ ቦታችንን እየያዝን ነው» ብሎ መለሰልኝ። በዚያን ቀን ይህን እንደ ልጅነት ቈጠርሁት። መስከረም ላይ ለታሪክ መምህራችን ባጫወትኋቸው ጊዜ ግን ሥቀው «ወንድምህ ሳያውቀው የአባቶቻችንን ሰንጠረዥ ተጫውቷል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩን እየጠየቅሁና እያነበብሁ ያገኘሁትን ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

ሰንጠረዥ በአገራችን

ይህ ጨዋታ የተነሣው ከሕንድ አገር ነው። ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዐረቦች ተሻገረ። «ሰንጠረዥ» የሚለውም ስም «ሸጥረንጅ» ከሚለው ከእነርሱ ቃል የመጣ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ገብቶም በነገሥታቱና በመሳፍንቱ አደባባይ ይወደድ ነበር። ከ1500 እስከ 1532 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከሚባል ከቬኒስ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1805 ወደ ትግራይ በመጣ ጊዜ የራስ ወልደ ሥላሴን የሰንጠረዥ ፍቅር ተመልክቷል። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደንም ስለ ጨዋታው አኳኋን ጽፏል። እቴጌ ጣይቱ ብጡልም ሰንጠረዥ ከሚጫወቱት መካከል እንደ ነበሩ ይነገራል። ሪቻርድ ፓንክረስት የተባሉት የኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪ እነዚህን ሁሉ ምስክርነቶች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሥርዓት ሰፊ ጽሑፍ አሳትመዋል። በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ አገራችንን ከወረረች ወዲህ የቀድሞው አጨዋወት እየጠፋ ሄዶ የአውሮፓው ቼዝ ቦታውን ያዘ።

የቀድሞው ገበታ እንደ ዛሬው ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት አልነበረም። ብዙ ጊዜ በቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መሥመር እየተደረገ ይሠራ ነበር፤ ቁራጮቹም ከዝሆን ጥርስ፣ ከቀንድ ወይም ከእንጨት ይቀረጹ ነበር። ስማቸው ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ነው። ንጉሥ፣ ፈረስና ደር እንደ ዛሬዎቹ ንጉሥ፣ ፈረስና ግንብ ይሄዳሉ። መደቅ የዛሬው ወታደር ሲሆን ከመነሻውም ቢሆን ሁለት ቤት አይዘልም። ፊል በዐረብኛ ዝሆን ማለት ነው፤ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል። ስለዚህ አንድ ፊል ዕድሜውን ሁሉ ቢዘል ከ64ቱ ቤቶች ሊረግጥ የሚችለው ስምንቱን ብቻ ነው። አንባቢ በገበታው ላይ ይሞክረው። ፈርዝ የንጉሥ አማካሪ ማለት ሲሆን በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ይኸው ፈርዝ ነው በአውሮፓ በ15ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ላይ በገበታው ሁሉ የምትበርር ንግሥት የሆነው። በአባቶቻችን ጊዜ ብጫወት ኖሮ በሁለተኛው እርምጃ ወደ ሸ5 የምሰድዳት ንግሥት አላገኝም ነበር ማለት ነው።

ወረራ የተባለው አጀማመር

የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ከሌሎች አገሮች ሁሉ የሚለይበት ነገር አጀማመሩ ነው። ስሙም ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል እርምጃ እየተራመዱ ቁራጮቻቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እየተመለከተ የራሱን እርምጃ ይመልሳል፣ ይለውጣል። ይህ ነፃነት የሚቆየው አንዱ ከሌላው ቁራጭ እስኪበላ ድረስ ብቻ ነው። የመጀመሪያው መብል እንደ ተፈጸመ ወረራው ያበቃና ከዚያ በኋላ በተራ በተራ ይጫወታሉ።

ይህን ሥርዓት ካወቅሁ በኋላ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ኮልቾ ተመልሼ ከወንድሜ ጋር በወረራ ገጠምሁ። ተራ ስለሌለ ፈጣኑ የሚያሸንፍ መስሎኝ እጄን አላሳረፍሁም። ወንድሜ ግን ከእጁ ይልቅ ዓይኑን ያሠራ ነበር። እኔ መደቆቼን በመካከል ስገፋ እርሱ አይቶ አንዱን መደቅ ወደ መ6 አቆመ። ይህን ሳላስተውል ፈረሴን ሠ5 ላይ አሳርፌ ወደ ሌላው ዳር ዞርሁ። ፈረሴን መልሼ ማንሣት እችል ነበር፤ ሥርዓቱ ይፈቅድልኛል። ዓይኔ ግን ሌላ ቦታ ነበር። በመደቁ ፈረሴን በላና «አሁን ተጣላን» አለኝ። የእርሱ ቁራጮች ሁሉ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ነበር፤ የእኔ ግማሾቹ ገና በመንገድ ላይ ነበሩ። በዚያም ጨዋታ ተሸነፍሁ።

እንግዲህ ወረራ ለዛሬው ቼዝ ተጫዋች የሚያስተምረው ይህን ነው። በወረራ እርምጃ አይቈጠርም፤ ሆኖም የሚጠቅመው የእርምጃ ብዛት ሳይሆን መብል በተጀመረ ጊዜ ተሰልፎ መገኘት ነው። በዛሬው ቼዝ ደግሞ እርምጃ አንድ በአንድ ስለሚቈጠርና የነኩትን ቁራጭ ማጫወት ግዴታ ስለ ሆነ፣ አንዱን ቁራጭ አምስት ጊዜ የሚያመላልስ ሰው ለሌሎቹ መሰለፊያ የሚሆነውን ጊዜ ያባክናል።

በሰንጠረዥ ማሸነፍ ብቻ ሳይሆን አሸናነፍም ይመዘን ነበር። በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ እንደ ተራ ነገር ሲቈጠር፣ በፈርዝ ወይም በፊል ማት ያደረገ ይመሰገን ነበር፤ በመደቅ ማት ያደረገማ ከሁሉ የበለጠ ይደነቅ ነበር። ይህም ደካሞቹን ቁራጮች ችላ ሳይል በኅብረት ለሚያሠራ ሰው የተሰጠ ክብር ነው።

ለጀማሪ የሚጠቅም ምክር

1. በመጀመሪያ መካከለኞቹን አራት ቤቶች፣ ማለት መ4ን፣ ሠ4ን፣ መ5ንና ሠ5ን ለመያዝ መጣጣር ይገባል። በመካከል የቆመ ፈረስ ስምንት ቤት ሲመታ በማዕዘን የቆመ ሁለት ብቻ ይመታል።

2. ፈረሶችንና ጳጳሳትን አስቀድሞ ማውጣት፣ ያለ በቂ ምክንያትም አንዱን ቁራጭ ደጋግሞ አለማንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

3. ንግሥቲቱን ሌሎች ሳይወጡ አለመስደድ። ብርቱ ስለ ሆነች ደካማው ሁሉ ያባርራታል፤ ወታደር ቢያስፈራራት እንኳ የምትሸሸው እርሷ ናትና።

4. ንጉሡን ቶሎ ከግንቡ ጋር አዛውሮ በተጠበቀ ቦታ ማስቀመጥ።

5. አንድ ቁራጭ ከማንቀሳቀስ በፊት «የምሄድበት ቤት ምን ይዘጋል?» ብቻ ሳይሆን «የምለቅቀው ቤት ምን ይከፍታል?» ብሎ መጠየቅ። እኔ በዘጠነኛው እርምጃ ያልጠየቅሁት ይህን ነበር።

ለምሳሌ የጣሊያን አጀማመር የሚባለውን እንውሰድ። ነጩ ወታደሩን ወደ ሠ4፣ ፈረሱን ወደ ረ3፣ ጳጳሱን ወደ ሐ4 ያወጣል፤ ጥቁሩም ወታደሩን ወደ ሠ5፣ ፈረሱን ወደ ሐ6፣ ጳጳሱን ወደ ሐ5 ያወጣል። በአራተኛው እርምጃ ነጩ ንጉሡን ከግንቡ ጋር ያዛውራል። በአራት እርምጃ አራት ሥራ ተሠራ ማለት ነው፤ እኔ በአራት እርምጃ የሠራሁት ግን ንግሥቴን ሁለት ጊዜ ማንከራተት ነበር።

ዘንድሮ በውድድሩ ከዚያችው ተማሪ ጋር እንደ ገና ተገናኘን። እንዲሁ ነጩ ደረሰኝ። በሁለተኛው እርምጃ እጄ ወደ ንግሥቲቱ ሲሄድ ራሴን ያዝሁና ፈረሴን ወደ ረ3 አወጣሁ። እርሷም ቀና ብላ አይታኝ ፈገግ አለች። ከአርባ እርምጃ በላይ ተጫውተን እኩል ለእኩል ተለያየን። ለክፍሌ ያስገኘሁት ግማሽ ነጥብ ብቻ ነው፤ ነገር ግን የክፍሌ ልጆች በዚያን ቀን ዝም አላሉም፤ ሰብሰብ ብለው ጨዋታውን ከመጀመሪያው እንዳሳያቸው ጠየቁኝ።

ውድ አንባቢያን ሆይ፤ ከእናንተ መካከል አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ የሰንጠረዥ ቁራጭ በሣጥን ውስጥ ትተውለት እንደ ሆነ አውጥቶ ያሳየን። ገበታ ባይኖረውም አይቸገር፤ መሬት፣ ጠጠርና ቆረቆንዳ እስካለ ድረስ ወረራን መጫወት ይቻላል። እኔም በሚመጣው ክረምት ኮልቾ ስሄድ ወንድሜን እንደ ገና እገጥመዋለሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን ከእጄ በፊት ዓይኔን ለማሠራት ቈርጫለሁ።